ያገለገለ የፈሳሽ ፍግ ቦቴ ልንገዛ ነው፣ ምን ምን እንይ?

የጠባሴዋ፦

ሰላም ናችሁ። ደብረ ብርሃን ዳር ከባለቤቴ ጋር 22 የወተት ላሞች አሉን፣ ሁሉም ዲቃላ። ሦስት ሄክታር የመኖ መሬት አለችን፣ አጃና ቬች እንዘራባታለን። ላሞቹ አላስቸገሩንም፣ ያስቸገረን ከላሞቹ የሚወጣው ነው። ወፈር ያለውን እበት ኩበት የሚጠፈጥፉ ሴቶች እየገዙ ይወስዱታል፣ ለሱ እግዜር ይስጣቸው። ፈሳሹ ግን ከሽንቱና ከወለል እጥበቱ ጋር ተቀላቅሎ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ጉድጓዱ ሦስት ሜትር ጥልቀት አለው። ሲሞላ ይገነፍልና ወደ ጎረቤት ማሳ ይወርዳል፣ ከዚያ ሽማግሌ መላክ ነው። ክረምት ላይማ አይወራም።

ሰሞኑን አንድ ደላላ አዳማ የቆመ፣ ከአውሮፓ የመጣ ቦቴ አሳየን። በትራክተር የሚጎተት ነው። 5,000 ሊትር ይይዛል፣ ራሱ ከጉድጓድ ይመጥጣል፣ ራሱ ማሳ ላይ ይረጫል። ቀለሙ አዲስ ነው። ሻጩ «ትንሽ ግሪስ ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላል። ዋጋውን አልጽፈውም፣ ትስቁብናላችሁ። ትራክተራችን ማሴ ፈርጉሰን 240 ናት።

ጥያቄዬ፦ ስናየው ምን ምን እንይ? ትራክተሯስ ትችለዋለች? ባለቤቴ ደግሞ «ተራ የውሃ ቦቴ ገዝተን የመምጠጫ ፓምፕ ብንገጥምለት በግማሽ ዋጋ ያልቅልናል» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ብየዳ ቤት አዳማ፦

እህቴ፣ ከባለቤትሽ ልጀምር። የውሃ ቦቴ ላይ የቫኩም ፓምፕ አትግጠሙ። በፍጹም። የውሃ ቦቴ ላሜራው ስስ ነው፣ ብዙውም ሞላላ ነው፣ የተሠራው ውሃ ለመሸከም ብቻ ነው። ፓምፑ ውስጡን አየር ሲመጥጠው የውጭው አየር ይጫነዋል። ግማሽ ባር ቫኩም ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 5 ቶን ያህል ጭነት ነው። እንደ ተረገጠ ጣሳ ነው የሚጨራመተው፣ ያኔ አጠገቡ የቆመ ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የውሃ ቦቴ ከፈለጋችሁ በጭቃ ፓምፕ ከላይ ክዳኑን ከፍታችሁ ሙሉት፣ ያ ይሆናል። ቫኩም ግን ድፍን ክብ የሆነ፣ ወፍራም ላሜራ ያለው፣ ዙሪያውን በቀለበት ብረት የታሰረ ጋን ይፈልጋል።

አሁን ወደ አዳማው። ቀለሙ አዲስ ነው ካልሽ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቀለሙን ነው። ሆዱ ስር ግቢና በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልሽ ነካ ነካ አድርጊው፣ በተለይ ጋኑ ሻንሲው ላይ የተቀመጠበትን ቦታና የታችኛውን መስመር። ፍግ ብረት የሚበላው ከታች ነው። ድምፁ ጥርት ካለ ጥሩ። ድፍን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ ከሰጠሽ ላሜራው ሳስቷል ወይም ስቱኮ ተሞልቶበታል። የኋላውን በር አስከፍችና በባትሪ መብራት ከውጭ ሆነሽ እዪ። አትግቢ፣ ከውጭ ነው ያልኩት። ውስጡ ፈሳሹ እንዳይናወጥ የሚከለክሉ ግድግዳዎች መኖር አለባቸው። አንዳንዱ ሲበሰብሱ ቆርጦ ያወጣቸዋል፣ እነሱ ከሌሉ ግማሽ የሞላ ቦቴ ቁልቁለት ላይ ትራክተሩን ይገፋዋል።

ዋናው ግን ፓምፑ ነው። የዚህ ቦቴ ፓምፕ ፍግ አይነካም፣ የሚያንቀሳቅሰው አየር ብቻ ነው። አየር ሲያወጣ ፍጉ ይገባል፣ ማንሻውን ገልብጠሽ አየር ሲያስገባ ፍጉ ይወጣል። ስለዚህ ጠላቱ ወደ ፓምፑ የሚያመልጥ ፍግ ነው። ያንን የሚከለክሉ ሁለት ወጥመዶች አሉ፣ አንዱ ጋኑ አናት ላይ ኳስ ያለበት፣ ሌላው ፓምፑ አጠገብ ያለች ትንሽ ጣሳ። የትንሿን ጣሳ ማፍሰሻ ክፈቺ። ጥቂት ውሃና ዘይት ከወጣ ደህና ነው። የደረቀ ወይም እርጥብ እበት ከወጣ ግን ፓምፑ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል።

ፓምፑ ውስጥ ቬን የሚባሉ፣ እየተንሸራተቱ የሚወጡና የሚገቡ ጠፍጣፋ ቁራጮች አሉ። ሲያልቁ መምጠጥ ይደክማል። ቁራጮቹን እዚህ ቶርኖ ቤት ከፋይበር ሲያስቆርጡ አይቻለሁ፣ የሚያስጨንቅ አይደለም። የፓምፑ ቤት ግድግዳ ከተቧጨረ ወይም ሞገድ ካወጣ ግን ወጪው ሌላ ነው። ኩሽኔታውን ደግሞ በእጅሽ ዘንጉን ወደ ላይ ወደ ታች በመነቅነቅ ታውቂዋለሽ።

ጎማውን አትርሺ። ቁጥሩን ጻፊና ሶማሌ ተራ ላለ ሰው ደውይ። የአውሮፓ እርሻ ጎማ እዚህ የማይገኝ ቁጥር ከሆነ አንድ ቀን ሲፈነዳ ቦቴው በሬ የማያርስበት ቦታ ላይ ቆሞ ይቀራል። የፒቲኦ ካርዳኑ (የትራክተሩን ጉልበት ወደ ፓምፑ የሚያደርሰው የሚሽከረከር ዘንግ) ላይ የፕላስቲክ መሸፈኛው ከሌለ ደግሞ ቀሚስ የለበሰ ሰው፣ ነጠላ የለበሰ ሰው አጠገቡ ድርሽ አይበል። ቀልድ አይደለም።

ከኮርክ ገጠር፦

እዚህ አየርላንድ የወተት ከብት እርሻ ላይ ነው የምሠራው፣ ይሄን ቦቴ በየሳምንቱ እነዳዋለሁ። የብየዳ ቤቱ ልጅ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ያገለገለ ቦቴ እዚህ ለምን እንደሚረክስ እወቁ። ከኋላው ሳህን መሰል ብረት ላይ እየመታ ወደ ላይ የሚረጨው ዓይነት እዚህ አውሮፓ ውስጥ እየተከለከለ ነው፣ አሞኒያው ይበናል፣ ሽታው መንደር ያውካል እየተባለ። ጀርመን ለምሳሌ ሰብል ባለበት የእርሻ መሬት ላይ ከ2020፣ ግጦሽ ላይ ከ2025 ጀምሮ ፍጉ በቱቦ መሬት አጠገብ በመስመር እንዲወርድ ታዛለች። እዚህም ትልልቆቹ እርሻዎች ሳህኑን ትተዋል። ስለዚህ ደህናው ቦቴ ሁሉ በሳህኑ ምክንያት ብቻ ሊሸጥ ይችላል፣ ይህ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን ሻጭ ሁሉ «ሕጉ ነው ያስሸጠኝ» ሊላችሁም ይችላል። ስለዚህ ሕጉን ትታችሁ ፓምፑን እዩ።

ሁለተኛው ከገንዘብ በላይ ነው፣ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጉድጓድ ውስጥ ቆይቶ የረጋ ፍግ ስታማስሉት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። ትንሽ ሲሆን የገማ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው ጠፋ ብላችሁ ደህና ነው ስትሉ ትወድቃላችሁ። በፈረንጆቹ 2012 በሰሜን አየርላንድ የራግቢ ተጫዋቹ ኔቪን ስፔንስ፣ አባቱና ወንድሙ በአንድ ቀን እርሻቸው ላይ ባለ የፍግ ጋን ውስጥ ሞተዋል። በየዓመቱ እዚህ ገበሬዎች ይሄ ታሪክ ይነገራቸዋል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ላድን ብሎ ይገባል፣ እሱም ይወድቃል። በእኛ አገር «ወንድሜ እየሞተ እያየሁ?» የማይል ሰው የለምና እናንተ ዘንድ የባሰ ነው። ጉድጓድም ሆነ ቦቴ ውስጥ ማንም አይግባ። በምታማስሉበት ቀን ልጆች ግቢ ውስጥ አይኑሩ፣ ከብቶቹንም አውጡ፣ ነፋስ ያለበት ቀን ምረጡ።

ሱሉልታ ወተት፦

እኔ ትንሽ ላበርዳችሁ ነው። እኔም ላሞች አሉኝ፣ ቁጥራቸው ከናንተ ይበልጣል፣ ቦቴ ግን የለኝም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አየርላንዶች ለአንድ ወተት ላም በሳምንት 0.33 ሜትር ኩብ ፍግ ብለው ሲያሰሉ ኖረዋል፣ በቀን 47 ሊትር ገደማ ማለት ነው። የኛ ዲቃላ ያን ያህል አይበላም፣ ያን ያህል አይጥልም። ደረቁን ደግሞ ኩበት ጠፍጣፊዎች ይወስዱላችኋል። ከእጥበት ውሃው ጋር ለአንድ ላም 30 ሊትር በሉት። በ22 ሲባዛ 660 ሊትር በቀን። ስለዚህ 5,000 ሊትር ቦቴ የምትሞሉት በሳምንት አንዴ ነው! አንዴ። ያን ሁሉ ብር አውጥታችሁ ስድስቱን ቀን ዛፍ ስር ሊቆም።

ማዳበሪያነቱስ? 1,000 ሊትር የከብት ፈሳሽ ፍግ፣ ውሃ ያልበዛበት ከሆነ፣ 2.6 ኪሎ ገደማ ናይትሮጂን አለው። አንድ ሙሉ ቦቴ 13 ኪሎ። 50 ኪሎዋ የዩሪያ ከረጢት 23 ኪሎ አላት። የናንተ ደግሞ በእጥበት የቀጠነ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ከተረጨ ገሚሱ አሞኒያ ሆኖ ይበናል። ስለዚህ ሙሉ ቦቴ ረጭታችሁ ያገኛችሁት የሩብ ከረጢት ዩሪያ ጥቅም ቢሆን ነው፣ ፖታሲየሙን ሳንቆጥር። ዩሪያ ባለፉት ዓመታት የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፣ አልናቅኩትም፤ ግን ለዚህ ሲባል የላም መንጋ አይሸጥም።

እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው። ወለሉን ተዳፋት አስደርጌ ሽንቱ በራሱ ቦይ ለብቻው እንዲወርድ አደረግኩ። እበቱ በአካፋ ይነሳል። ወለሉ መጀመሪያ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነው ውሃ የሚነካው። ጉድጓዱ የሚሞላበት ጊዜ በጣም ረዘመ። ሽንቱን በበርሜል በጋሪ አወጣዋለሁ፣ በውሃ አቅጥኜ ሳሩ ስር አፈስሳለሁ። ክረምት ላይ እናንተ ዋልካ መሬት ላይ 7 ቶን ይዛችሁ ለመግባት ስትሞክሩ የኔ አህያ አልፋለች።

ናፍጣ ሽታ፦

ለምን ትጨነቃላችሁ፣ አዲስ አበባ ያረጀ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ይሸጣል። ቫኩሙ አለ፣ ሞተሩ አለ፣ ትራክተር አያስፈልግም።

ብየዳ ቤት አዳማ፦

@ናፍጣ ሽታ ወንድሜ፣ መኪናው መኪና ነው፣ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን ቀን የሰው ሽንት ቤት እየመጠጠ ማታ የመኖ ማሳ ላይ የሚረጭ ከሆነ ኮሶን በጋን እያመጣሽ ነው በላት። የኮሶ እንቁላል ከሰው ዓይነምድር ሳሩ ላይ ያርፋል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ሥጋዋ ውስጥ ይቀመጣል፣ እኛ ደግሞ ቁርጥ እንወዳለን። ከተገዛም ታጥቦ፣ ሁለተኛ ወደዚያ ሥራ እንዳይመለስ ተብሎ ነው።

የጠባሴዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሱሉልታው፣ ሒሳብህ ባለቤቴን ዝም አሰኝቶታል፣ እኔን ግን ትንሽ አናደደኝ፣ ምክንያቱም ልክ ነው። ቢሆንም ሁለት ጎረቤቶቻችን ላም አላቸው፣ እየተከራዩን እንሠራለን ብለን ነበር ያሰብነው።

አዳማ ሄደን አየነው። መዶሻውን ስናወጣ ሻጩ ፊቱ ተቀየረ። ሆዱ ስር ወደ ኋላ አካባቢ አንድ ክንድ በሚያህል ቦታ ድምፁ ታፈነ። ትንሿን ጣሳ ስንከፍት የደረቀ እበት ወጣ፣ በምስማር ነው የፈለፈልነው። ግን ትራክተር አስመጥቶ አስነሳልን። ሁሉንም ዘጋን፣ የቫኩሙ መለኪያ ጌጅ 0.55 ባር ላይ ደርሶ ቆመ። ሻጩ «0.7 ነው መድረስ ያለበት፣ ቬኑ ትንሽ ስላለቀ ነው፣ በርካሽ ትቀይሩታላችሁ» አለን። ዋጋ ቀነሰ። ፓምፑ ይሄን ያህል ደካማ ነው ማለት ነው? ካጠፋነው በኋላስ ቶሎ ነው የወረደው።

ቶርኖ ልጅ፦

አንድ ነገር ሳትረሱ። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭ አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየር ግፊቱ 1 ባር ነው። አዳማ 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ ግፊቱ 0.83 ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያ 0.72 ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ 0.7 የሚያሳይ የእርሻ ፓምፕ የለም፣ ያ ማለት ጋኑን ባዶ ሕዋ ማድረግ ነው። አዳማ ላይ 0.55 ካሳየ ሁለት ሦስተኛውን አየር አውጥቷል። እናንተ ጋ ሲመጣ 0.48 ገደማ ያሳያችኋል። ያ ከቀጭን ፈሳሽ አራት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ያደርጋል፣ በቱቦው ርዝመትና በውፍረቱ ትንሽ ትቀንሱለታላችሁ። ጉድጓዳችሁ ሦስት ሜትር ነው፣ ግን ቦቴው ራሱ ከመሬት ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ያንንም ቁጠሩት። ይመጥጣል፣ ግን ጉድጓዱ ወለል ላይ ሲደርስ ትዕግሥት ይፈልጋል። ፓምፑ ያን ያህል ሟች አይደለም።

ካጠፋችሁት በኋላ ቶሎ መውረዱ ግን የፓምፕ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። የኋላው በር ጓርኒሲዮን (ማጥበቂያ ጎማው) ሊሆን ይችላል፣ ሳራሲኔስካው (የቱቦው መክፈቻና መዝጊያ) ሊሆን ይችላል፣ ያቺ ድምፅ የታፈነባት ቦታ ልትሆን ትችላለች። የሳሙና አረፋ የሚያገለግለው ግፊት ስታስገቡበት ነው፣ ቫኩም ላይ አረፋው ወደ ውስጥ ይገባል፣ አታዩትም። ግን ያ ሆዱ የበሰበሰ ጋን ላይ ግፊት አታስገቡ። ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ፣ ይፏጫል።

ከፍታው ትራክተራችሁንም ይመለከታል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ ያህል ጉልበት ያጣል። 50 የፈረስ ጉልበቷ ማሴ እናንተ ጋ 36 ቢሆናት ነው። ለፓምፑ ይበቃታል። 5 ቶን ፍግ ከነቦቴው 7 ቶን አካባቢ ሆኖ ዳገት መጎተት ግን፣ እሷ ራሷ ሁለት ቶን የማትሞላ ሆና፣ ይከብዳታል። መውጣቱን ትወጣው ይሆናል። ቁልቁለቱ ነው የሚያስፈራኝ። ቦቴው ፍሬን አለው?

የጠባሴዋ፦

ፍሬን «አለው» ተባልን። ቱቦው ግን ተቆርጦ በጨርቅ ታስሯል።

ከኮርክ ገጠር፦

በቃ። እህቴ፣ ይሄን ቦቴ በዚያች ትራክተር ሙሉውን ሞልታችሁ ቁልቁለት አትውረዱ፣ በነፃ ቢሰጣችሁም።

ሱሉልታ ወተት፦

እኔ ነገርኳችሁ አልልም 😀 ግን ጎረቤቶቻችሁ ካሉ 2,000 ሊትር ለሦስታችሁም ይበቃል። የናንተ ሁለት ሦስት ምልልስ በሳምንት ነው። የነሱም እንዲሁ። ማሴዋም ሳትጨነቅ ትጎትተዋለች።

ብየዳ ቤት አዳማ፦

እኔም ወደዚያው ነበር የምሄደው። ሻጩን እንዲህ በሉት፦ ፓምፑን፣ ሁለቱን ወጥመዶች፣ ጌጁን፣ የግፊት ማስተንፈሻውንና የኋላውን ሳራሲኔስካ ለብቻው ሽጥልን። ጋኑን ለብረት ገዢ ይስጠው። ከዚያ 2,000 ሊትር ክብ ጋን በ6 ሚሊ ላሜራ ይሠራል፣ ቀለበት ታስሮለት፣ ውስጡ አንድ ግድግዳ ገብቶለት፣ ሁለቱ ጫፎቹ ጠፍጣፋ ሳይሆኑ የተጎበጡ ሆነው። ጠፍጣፋ ጫፍ የሚሠራልሽ በያጅ ካገኘሽ ሌላ በያጅ ፈልጊ። የግፊት ማስተንፈሻዋን ማንም በቡሎን እንዳይዘጋት፣ «ስትተነፍስ ትረብሸኛለች» ብሎ የሚዘጋ አለ። እሷ ናት ስትረጩ ጋኑ እንዳይፈነዳ የምትጠብቃችሁ።

የጠባሴዋ፦

ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ «እስቲ ላስብበት» አለ። ደላላው ግን አሁኑኑ ደውሎ ዋጋ ጠራ፣ ከመጀመሪያው ከጠራው ሩብ አይሞላም። ባለቤቴ ይከራከር ብዬዋለሁ። ፓምፑ ውስጥ ያለውን የደረቀ እበት ምን እናድርገው?

ብየዳ ቤት አዳማ፦

ከመክፈልሽ በፊት የፓምፑን የስም ታርጋ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ በስንት ዙር እንደሚሠራና ወደየት እንደሚዞር ተጽፎበታል። በደቂቃ 540 ዙር ከሆነ ለማሴዋ ልክ ነው፣ 1,000 ከሆነ አትግዢው። እበቱን በተመለከተ፣ በደረቁ አታዙሩት። ትንሽ ናፍጣ ጨምራችሁ አሳድሩት፣ በማግስቱ በእጅ ወደ ፊት ወደ ኋላ አዙሩት፣ ሲላቀቅ የጎን ክዳኑን ፈትታችሁ ጥረጉት። ቬኖቹ እየተንሸራተቱ ካልወጡ ኃይል አትጠቀሙ፣ ይሰበራሉ። ከዚያ ዘይት። ዘይት ማንጠብጠቢያዋ ከተደፈነ በቀጭን ሽቦ ክፈቷት፣ ያለ እሷ ፓምፑ አንድ ክረምት አይዘልቅም።